የሚጥል በሽታ መድኃኒት እየወሰድሽ ልጅ ካሰብሽ፦ ከሁለት እርግዝና ያየሁት

የሚጥል በሽታ ኖሮብሽ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነና ልጅ መውለድ የምታስቢ ከሆነ ይህ ጽሑፍ ላንቺ ነው። ሚስትህ፣ እህትህ ወይም ልጅህ እንዲህ ከሆነችም አንብብላት።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። ከዚህ በታች ያለውን አንብበሽ ደንግጠሽ ዛሬ ማታ ክኒንሽን እንዳታቆሚ። በድንገት የተቋረጠ መድኃኒት ተደጋጋሚና አልቆም የሚል መጣል ያመጣል። ያ ደግሞ እናትንም ጽንስንም ሊገድል ይችላል። እዚሁ ደሴ፣ ማርገዟን ስታውቅ "ለልጁ ብዬ" ክኒኗን የጣለች ሴት አውቃለሁ። እንጀራ ስትጋግር ጣላትና እሳት ላይ ወደቀች። እጇና አንገቷ ላይ ጠባሳው አለ። ልጇም አልተረፈ። ስለዚህ የምለው "አቁሚ" አይደለም። የምለው "ከመፀነስሽ በፊት ጠይቂ" ነው።

እኔን መጣል የጀመረኝ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። ክፍል ውስጥ ስወድቅ ልጆቹ ክብሪት ጭረው አፍንጫዬ ሥር ያዙልኝ። እስከ ዛሬ የክብሪት ጭስ ሲሸተኝ ሆዴ ይረበሻል። ክብሪቱ ምንም አይጠቅምም፤ አፍ ውስጥ ማንኪያ መክተትም ጥርስ ከመስበር ሌላ ፋይዳ የለውም። የወደቀውን ሰው ወደ ጎን ማስተኛት፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ ሰዓት ማየት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሕክምና መሮጥ። በቃ።

አባቴ ዱአ አስደረገልኝ። ጎረቤታችን እማማ ደግሞ ጠበል ይዘውኝ ሄዱ። የደሴ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ የአንዱ ቤት ጭንቀት የሌላውም ነው። ሁለቱንም በፍቅር ተቀበልኩ። ክኒን የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ የተሰጠኝ ፌኖባርቢታል ነበር። ርካሽ ነው፣ በየጤና ጣቢያው ይገኛል። እኔን ግን ክፍል ውስጥ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኝ ነበር፤ መጣሉም ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ቆይቶ ቫልፕሮዌት ወደሚባለው ተቀየርኩ። እሱ ያዘልኝ። ትምህርቴን ጨረስኩ፣ ሥራ ያዝኩ፣ አገባሁ። ይህን መድኃኒት ልረግመው አልችልም፤ ሕይወቴን መልሶልኛል።

ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። መድኃኒቴን በምወስድበት ቦታ በቀጠሮዬ ቀን እሄዳለሁ። ካርዴ ይታያል፣ ክኒኔ ይቆጠራል፣ እመለሳለሁ። "ካለፈው ቀጠሮ ወዲህ ጥሎሻል?" ይሉኛል። "አግብተሻል? ልጅ ታስቢያለሽ?" ያለኝ ሰው ግን አልነበረም። ዕድሜዬ ካርዱ ላይ ተጽፏል፣ ሴት መሆኔም ተጽፏል። ሰልፉ ረጅም እንደሆነ፣ ባለሙያው ጥቂት እንደሆነ ይገባኛል። ቢሆንም መጠየቅ ነበረበት።

የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ እንደ ብዙዎቻችን ያወቅኩት ሁለተኛው ወር ሲጋመስ ነው። ለክትትል ስሄድ አይረንና ፎሊክ አሲድ ያለበትን ክኒን ሰጡኝ። ደግ አደረጉ። ነገር ግን ኋላ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው የጽንሱ ቱቦ የሚዘጋው በተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው። ማለትም የወር አበባዋ ሁለት ሳምንት የዘገየባት ሴት "እስቲ ልመርመር" ስትል ያ ሥራ አልቋል። ፎሊክ አሲድም፣ የመድኃኒት ለውጥም ከዚያ በፊት ካልሆነ ለዚህኛው ነገር አይደርስም። ከመፀነስሽ በፊት እያልኩ የምጨቀጭቅሽ ለዚህ ነው።

ልጄ በ2009 ተወለደ። ጀርባው ደህና፣ ከንፈሩ ደህና፣ ልቡ ደህና። እልል ተባለ፣ ገንፎው ተበላ። ጡት ላይም ጎበዝ ነበር። ሲያድግ ግን ሁሉ ነገር ዘገየ። መቀመጡም፣ መራመዱም። ሁለት ዓመት ሲሞላው "እማ" እንኳ አይልም። ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ውሃ ሲጠማው የሚያደርገው ነበር። ጣቱን አይቀስርም፣ አያለቅስም። የእጄን አንጓ ይዞ ወደ ኩሽና ይወስደኝና መዳፌን ጆጉ ላይ ያስቀምጠዋል። ፊቴን ቀና ብሎ አያይም። ውሃውን ጠጥቶ ይሄዳል።

"ወንድ ልጅ ይዘገያል፣ አብሽሪ" አሉኝ። "አባቱም ሦስት ዓመት አልፎት ነው አፉን የፈታው" አሉ አማቴ። "ምላሱ ታስሮ ነው፣ አስቆርጪው" ያሉም አልጠፉም። አላስቆረጥኩም። ምላስ ሲወጣና ሲገባ፣ ጡት ሲጠባ፣ ሲልስ እያየሁት ምን ታስሯል ልበል?

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በጥቅምት 2014 ደሴን ለቀን በኮምቦልቻ በኩል ወጣን፤ ደብረ ብርሃን አድረን አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ገባን። ቦርሳዬ ውስጥ ያለችው ክኒን ልታልቅ ነው። ፋርማሲ ለፋርማሲ ስዞር አንዲት ጠና ያለች ፋርማሲስት ጋ ደረስኩ። ወረቀቴን አየች። ልጁን አየች። እሱ ባዶ የመድኃኒት ካርቶኖችን ባንኮኒው ሥር በመስመር ይደረድራል። ስሙን ጠራችው፣ ዞር አላለም።

"እህቴ፣ ልጅ መድገም ታስቢያለሽ?" አለችኝ።

"ኢንሻአላህ" አልኳት።

"እንግዲያው በዚህ መድኃኒት ላይ ሆነሽ አይሁን። ግን በራስሽ እንዳታቆሚው። መጀመሪያ የነርቭ ሐኪም ያናግርሽ።"

መድኃኒቱን ሰጠችኝ። ከካርቶኑ ውስጥ ተጣጥፎ የሚገባውን ወረቀት አወጣችና በእስክሪብቶ አሰመረችበት። ያንን ወረቀት ስንት ዓመት ሙሉ ከካርቶኑ ጋር ስጥለው ኖሬያለሁ። ጽሑፉ ደቃቅ ነው፣ እንግሊዝኛ ነው፤ ማን ያነበዋል?

ያሰመረችበት ይህን ነው የሚለው። በእርግዝና ወቅት ቫልፕሮዌት ከወሰዱ እናቶች ከሚወለዱ 100 ልጆች 10 ያህሉ ከባድ የአካል ጉድለት ይዘው ይወለዳሉ፦ የህብለ ሰረሰር ክፍተት፣ የልብ ችግር፣ የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ። መድኃኒት በማይወስዱ እናቶች ዘንድ ይህ ቁጥር ከ100 2 ወይም 3 ነው። ከ100 ልጆች ከ30 እስከ 40 የሚሆኑት ደግሞ ዘግይተው ይራመዳሉ፣ ዘግይተው ይናገራሉ፣ ወይም የቋንቋ፣ የማስታወስና የትምህርት ችግር ይገጥማቸዋል። ኦቲዝምም ከሌሎች ልጆች ይልቅ በነሱ ላይ ይበዛል። በአሜሪካና በእንግሊዝ ተካሂዶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 የወጣ አንድ ጥናት ልጆቹን 6 ዓመት እስኪሞላቸው ተከትሏል። የቫልፕሮዌት ልጆች የአእምሮ መለኪያ ውጤት ሌሎች የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችን ከወሰዱ እናቶች ልጆች ከ7 እስከ 10 ነጥብ ያንስ ነበር። መጠኑ ሲጨምር ጉዳቱ ይጨምራል፤ "እስከዚህ ድረስ ችግር የለውም" የሚባል መጠን ግን አልተገኘም።

በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2018፣ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ2023 መውለድ በሚችሉ ሴቶችና ልጃገረዶች ላይ ስለ መድኃኒቱ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ አውጥተዋል። ልብ በዪ፣ ቫልፕሮዌት ለሚጥል በሽታ ብቻ አይደለም የሚታዘዘው። ለአንዳንድ የአእምሮ ሕመምና ለማይግሬንም ይሰጣል። ስሙም በየፋብሪካው ይለያያል። ከትልቁ ስም ሥር በትንሹ የተጻፈውን አንብቢ። ቫልፕሮዌት ወይም ቫልፕሮይክ አሲድ ካለው እሱ ነው።

በኋላ ያየን ሐኪም አንድ ነገር በግልጽ ነግሮኛል። የአንድን ልጅ መዘግየት "ይሄ መድኃኒት ነው ያመጣው" ብሎ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ሌላ ምክንያትም ሊኖር ይችላል። ቢሆንም ያን ሌሊት አልተኛሁም። ወደ ደሴ ስንመለስ ነገሩን ለአማቴ ስነግራቸው ይወቅሱኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ዝም ብለው ሰሙኝና "ልጄ፣ የታዘዘልሽን ነው የዋጥሽው። ባትውጪው አንቺም የለሽ፣ እሱም የለ" አሉኝ። እንዲህ የሚል ሰው ከሌለሽ እኔ ልበልሽ። የታዘዘልሽን የወሰድሽ አንቺ ጥፋተኛ አይደለሽም።

ስለ ልጄ ልቀጥል፤ ብዙ እናቶች የሚጠይቁኝ ይህንን ነውና። መጀመሪያ የታየው ጆሮው ነው። የማይናገር ልጅ ሁሉ መስማቱ መፈተሽ አለበት፤ ይሄ መዘለል የለበትም። ጆሮው ደህና ሆነ። ቀጥሎ አዲስ አበባ ያገኘናት ባለሙያ እኛን ወላጆቹን አስተማረችን። በየሳምንቱ ከደሴ መመላለስ እንደማንችል ስለገባት ቤት የምንሠራውን ነው ያሳየችን። ስታወሪው ቁጭ በዪ፣ ዓይንሽ ከዓይኑ ጋር ይስተካከል። ረጅም ዓረፍተ ነገር ተይ፤ አንድ ቃል፣ ሁለት ቃል። ኩባያውን ከዓይንሽ አጠገብ ያዢና "ውሃ" በዪ። ከዚያ ጠብቂ። መጠበቁ ነው ከባዱ። እጁን ሲዘረጋ ቶሎ መስጠት እንለምዳለን፤ በልብሽ እስከ አሥር ቁጠሪ። ድምፅ ካወጣ፣ ምንም ዓይነት ድምፅ ይሁን፣ ስጪው።

ስልክና ቴሌቪዥን ቀነስን። ለኛ ዋናው ትምህርት ቤት የቡና ሰዓት ሆነ። በየቀኑ አለ፣ ዕቃው ያው ነው፣ ተራውም ያው ነው። ሲኒ እያልኩ ሲኒውን እሰጠዋለሁ፣ ረከቦቱ ላይ ያስቀምጣል። ጀበና፣ ስኳር፣ ፈንዲሻ። ፈንዲሻው ሲንጣጣ "ጧ!" እላለሁ፤ እሱ ከመንጣጣቱ በፊት ፊቴን ማየት ጀመረ። እዚያ ጋ ነው ነገሩ የተከፈተው። የመጀመሪያ ጥርት ያለ ቃሉ ግን እማ አልነበረም። የታክሲ ረዳቶቹን ጥሪ ነው የያዘው፦ "ፒያሳ! ፒያሳ!" ቤቱ በደስታ ተሞላ። አማቴ ተነሥተው እልል አሉ።

አሁን ትምህርት ቤት ነው። ይናገራል፣ ይጠይቃል፣ ይጨቃጨቃል። ንባብ ይዘገይበታል፣ ሒሳብ ይከብደዋል። መምህሩ ፊት ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል፤ ትእዛዝ ሲሰጠው አንድ በአንድ ነው። "ደብተርህን አውጣ፣ ገጽ 20 ግለጥና ጥያቄ ሦስትን ሥራ" ካልከው ይጠፋበታል። "ደብተርህን አውጣ" ካልከው ያወጣል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ለሱ ግን በመማርና ባለመማር መካከል ያለች ልዩነት ናት።

ያንቺን ልጅ መቼ ማስመርመር እንዳለብሽ ከጠየቅሽኝ፣ ሦስት ዓመት አትጠብቂ። በአንድ ዓመቱ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ በእጁ ቻው የማይል፣ በ18 ወሩ የማይራመድ፣ በሁለት ዓመቱ "ውሃ ስጪ" ብሎ ሁለት ቃል የማያገጣጥም ልጅ ይታይ። ክትባት ስትወስጂው ለጤና ባለሙያዋ ንገሪያት። "ይዘገያል" ቢሉሽም ታይቶ ይዘግይ።

ሁለተኛውን እርግዝና በዕቅድ አደረግነው። ስንመለስ ከተማዋ ተጎድታ፣ ሆስፒታሉና ፋርማሲዎቹ ተዘርፈው ነበር። መድኃኒት እስኪደራጅ ጊዜ ወሰደ። ሐኪሙ መጀመሪያ ያለኝ "አሁን እንዳታረግዢ" ነው። መድኃኒት በሚቀየርበት ጊዜ የወሊድ መከላከያ ያስፈልጋል። እኔ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠውን ሉፕ አስገባሁ። እዚህ ላይ ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ። ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን የእርግዝና መከላከያ ክኒንንና በክንድ የሚቀበረውን ያዳክማሉ። ክንዷ ላይ እያለ ያረገዘች ሴት "ውሸታም" ትባላለች፤ ነገሩ ግን መድኃኒቱ ነው። ሉፕን አይነኩትም። ኢስትሮጅን ያለበት የመከላከያ ክኒን ደግሞ በተቃራኒው ላሞትሪጂንን ከደም ውስጥ ስለሚቀንስ፣ ለሐኪምሽ ሳትነግሪ አትጀምሪው።

ወደ ላሞትሪጂን ነበር የተቀየርኩት። ላሞትሪጂንና ሌቬቲራሴታም ብዙ እናቶች ላይ ታይተው፣ የአካል ጉድለት መጠናቸው መድኃኒት ከማይወስዱት ብዙም የማይርቅ ነው። ቶፒራሜት ግን እንደነሱ አይደለም፤ ከከንፈር መሰንጠቅ ጋር ስለሚያያዝ ጠይቂ። ለውጡ ቀርፋፋ ነው። ላሞትሪጂን በፍጥነት ከተጨመረ ለሕይወት የሚያሰጋ የቆዳ ቁስለት ሊያመጣ ይችላል። ቫልፕሮዌት ላይ ላለች ሴት ደግሞ የበለጠ ዝግ ይላል፤ ቫልፕሮዌት ላሞትሪጂንን በደም ውስጥ ያበዛዋልና። ሽፍታ ካየሽ በዚያው ቀን ሂጂ። በመሐል አንዴ ጣለኝ። ተስፋ ልቆርጥ ነበር፤ መጠኑ ሲስተካከል ያዘ። ለአንዳንድ ሴት ከቫልፕሮዌት ሌላ የሚይዝላት እንደማይኖር ሐኪሙ ነግሮኛል። እንዲህ ከሆነ በዝቅተኛው መጠን፣ አውቃ፣ ተመካክራ ትወስናለች።

ሌላው ፈተና ማግኘቱ ነበር። ላሞትሪጂን ደሴ ላይ ሁልጊዜ አይገኝም። የሁለት ወር ሳይዘን አንቀመጥም፤ ሲያልቅ በሚሄድ ሰው ከአዲስ አበባ እናስመጣለን። ባለቤቴ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የሚሠራው። ማታ ፈረቃ ሲሆንና የሀረጎን ቁልቁለት ወርዶ እዚያው ሲያድር፣ እህቱ እኔ ጋ ታድራለች። ሌሊት ቢጥለኝ ብቻዬን እንዳልሆን ነው። 5 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ሉፑን ከማውጣቴ በፊት ጀመርኩ። በክትትል የሚሰጠው ክኒን ውስጥ ያለው 0.4 ሚሊግራም ነው፤ እንደኛ ላለች ሴት የሚታዘዘው ብዙ ጊዜ ከፍ ያለው ነው።

ረመዳን በ2016 መጋቢት ሲገባ እርጉዝ ነበርኩ። ክኒኑን ሰሁርና ኢፍጣር ላይ አደርገዋለሁ ብዬ አስቤ ነበር። ሐኪሙ ግን ሰዓቱ ብቻ ሳይሆን እንቅልፍ ማጣቱም እንደሚጥለኝ አስረዳኝ። ሸሁን ጠየቅን። ለታመመና ለነፍሰ ጡር የተፈቀደ መሆኑን ነገሩን። ልቤ አርፎ በላሁ።

እርግዝናው ሲገፋ ላሞትሪጂን ከደም ውስጥ ስለሚቀንስ መጠኑ ተጨመረልኝ። "እርጉዝ ሆኜ መድኃኒት ይጨመርብኛል?" ብለሽ እንዳትደነግጪ። ስትወልጂ ደግሞ በጥቂት ሳምንት ውስጥ መልሶ መቀነስ አለበት፤ ካልተቀነሰ ያዞራል፣ ሁለት ሁለት ያሳያል። ይህን ከመውለድሽ በፊት አስጽፊ፤ አራስ ቤት ሆነሽ ቀጠሮ የሚያስታውስ ጭንቅላት የለም።

ሴት ልጄን ሆስፒታል ወለድኳት። እንደተወለደች ቫይታሚን ኬ 1 ሚሊግራም ተወጋች። ይህ ለሕፃን ሁሉ ነው፤ እናቷ እንደ ፌኖባርቢታል ያለውን የምትወስድ ከሆነ ግን ይበልጥ ያስፈልጋታል፣ የመድማት አደጋው ከፍ ይላልና። ጡት አጠባሁ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ላይ ያሉ አብዛኞቹ እናቶች እንዲያጠቡ ይመከራል። ፌኖባርቢታል ላይ ከሆንሽ ሕፃኑ ከልክ በላይ እንቅልፋም እንዳይሆንና ጡት እንዳይሰንፍ ተከታተዪ። የልጅቷን ገላ ብቻዬን አላጥብም፤ ዳይፐር የምቀይርላት አልጋ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግቼ ነው። እየተራመደች ነው፣ ቃላትም እየያዘች ነው። ወንድሟ ሲኒ እያቀበለ ያስተምራታል።

ብዙዎቻችሁ ያላችሁት ፌኖባርቢታል ላይ ስለሆነ እሱን ሳልል አላበቃም። እሱን ከወሰዱ እናቶች ከሚወለዱ 100 ልጆች 6 ወይም 7 ያህሉ ላይ የአካል ጉድለት ይታያል። ከቫልፕሮዌት ያነሰ ነው፣ ከላሞትሪጂን ግን ይበልጣል። ወደ ሌላ መቀየር የሚቻልበት ቦታ ላይኖር ይችላል፤ ገንዘቡም ላይኖር ይችላል። ቢያንስ መጠኑ ይታይልሽ፣ ፎሊክ አሲዱን ቀድመሽ ጀምሪ። በሚቀጥለው ቀጠሮሽ ካርድሽን ስትሰጪ እነሱ እስኪጠይቁሽ አትጠብቂ። "ልጅ አስቤያለሁ፤ ይሄ መድኃኒት ለጽንስ እንዴት ነው? የመከላከያዬስ ይሠራል?" በያቸው። መልሱን ካርዱ ላይ ይጻፉልሽ፤ በሚቀጥለው ቀን የሚያይሽ ሌላ ሰው ነው።